ዳጉሳ ለጠላ ነው

ባለፈው ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ተመርቃ ሐይቁ ዳር ካሉት አዳዲስ ሆቴሎች ወደ አንዱ ተጠርቼ ሄድሁና፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ አስተናጋጅ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለች ጥቁር እንጀራ ሰፊ ሳሕን መሐል አኑሮ፣ «ልዩ የዳጉሳ እንጀራ፣ ከግሉተን ነፃ!» ብሎ እንደ አዋጅ ሲያሰማን ሣቄን መያዝ አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ጥፍሯ ከሹካው የሚረዝም ወይዘሮ፣ «ለጤና እኮ ነው፤ አሁን ትልልቁ ሰው ሁሉ ወደ ዳጉሳ ተመልሷል» አለችኝ። ተመልሷል! መቼ ደርሶበት ያውቃልና ነው የሚመለሰው? ልመልስላት አፌን ስከፍት ግን ያ ሽታ፣ እንደ እርጥብ አፈርም እንደ ጠላ ድፍድፍም የሚለው የዳጉሳ ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና የት እንደ ተቀመጥሁ አስታወሰኝ። ሆቴሉ የቆመበት መሬት በልጅነቴ የዓሣ ሻጯ የእትዬ ሐዋ ግቢ ነበር። አሁን መዋኛ ገንዳ በተቆፈረበት፣ ሰው ለፎቶ እየተገላበጠ በሚተኛበት ቦታ ላይ የባላቸው የዓሣ መረብ ይሰጣ ነበር።

እኛ ከዚያ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ የፋብሪካ ደመወዝተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ነበርን። አባቴ ንብረት ክፍል ይሠራል፤ የእናቴ ሥራ ደግሞ ደመወዝተኛ ማግባቷን አገሩ ሁሉ እንዳይረሳባት መጠበቅ ነበር። ጤፉ ማኛ፣ ዳቦው ፉርኖ ካልሆነ ቤታችን አይገባም። «ዳጉሳ ለጠላ ነው» ትል ነበር አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ፣ «የኔ ልጆች ጋን ናቸው እንዴ ዳጉሳ የምጨምርባቸው?» እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና ጥቁር እንጀራ ይዞ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ሳይ አፍንጫዬን እነፋ ነበር።

ታናሼ ዮናስ አምስት ዓመት ሲሞላው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እግሮቹ ቀጥነው፣ የበላው ሁሉ ውሃ እየሆነ ይወጣ ነበር። ዛሬ ስሙን የምናውቀው፣ ያኔ ግን በሰፈራችን ማንም ያልሰማው የአንጀት በሽታ ነበረበት፤ ስንዴና ገብስ የነካው ነገር ሁሉ፣ ግሉተን የሚሉት በውስጡ ስላለ፣ አንጀቱን ይልጠዋል። እኛ ታዲያ ምን እናበላው ነበር? ስንዴና ገብስ! እንጀራ «ይኮመጥጣል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል» ተብሎ ተከለከለና፣ ጧት የገብስ አጥሚት፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ምሳ ማካሮኒ፣ መክሰስ በሶ፣ እራት በወተት የራሰ ፉርኖ ዳቦ ሆነ። ገዳይ ተቀጥሮ ቢሆን እንኳ እንዲህ ሰዓት አክብሮ አይሠራም።

ልጁ አፉን ይገጥማል። «ይችን ለአባባ፣ ይችን ለእማማ» እየተባለ ጉርሻ ሲዘንብበት ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል፤ ጉንጩን ሲጫኑት ይተፋል፤ ሲቆጡት ያስመልሳል። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው። አንዷ «ወስፋት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» ትላለች፤ የራሱን ልጆች ንፍጥ መጥረግ ያቃተው ጎረቤታችን፣ «ቅንጦት ነው! ሁለት ቀን ብታስርቡት እንኳን ዳቦ ድንጋይ ይበላል» ብሎ ዮናስ የተወውን ማካሮኒ ራሱ ጨርሶት ይወጣል። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳ ሦስት ሳምንት አስነከረችው። ስንቁ ቶሎ አልቆ በድንችና በሽምብራ ቆሎ ብቻ ስለ ከረመ ፊቱ መለስ አለ፤ ምስጋናው ግን ለውሃው ሆነና፣ ቤት በገባ ማግሥት «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ተብሎ ድፎ ዳቦ ተቆረሰለት።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ዞር ስትል የዮናስን ዳቦ የምውጠው እኔ ነበርሁ፤ ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ፣ ዳቦውን ወድጄ ነው። ሳሕኑ ባዶ ሲሆን «ጎሽ የኔ አንበሳ!» የሚባለው እሱ፣ ጉንጩ የሚነፋው የኔ። ማንም ልብ ያለ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሐኪም!

አንድ ቀን ዓሣ እንድገዛ ተልኬ ዮናስን አስከትዬ እትዬ ሐዋ ግቢ ገባሁ። እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ቀረሶ ዓሣ በዳጉሳ እንጀራ እየበሉ ነበር። አልለመኑትም፤ አላባበሉትም፤ «ና ብላ» እንኳ አላሉትም። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ዮናስ ተቀመጠ፣ እጁን ሰደደ፣ በላ። እንደ ሰው ልጅ በላ! «ኧረ እትዬ፣ እሱ እኮ አይበላም» አልሁ ደንግጬ።

«ተይው የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «የሚስማማውን ካንችም ከኔም ይልቅ ሆዱ ያውቃል።»

ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውምና የሙስሊም ቤት ነው፣ የክርስቲያን ቤት ነው የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። ክረምቱን በሙሉ ተመላለስን። ባላቸው መረባቸውን እየጠገኑ «የፊተኛውን ዮናስ ዓሣ ዋጠው፤ ይኼኛው ብድሩን እየመለሰ ነው» ብለው ይሥቁበት ነበር። አባቴ በየበዓሉ የልጆቹን ቁመት የበሩ መቃን ላይ በቢላ የሚጭር ሰው ነው፤ ለዘመን መለወጫ ሲለካው የዮናስ ጭረት ከፋሲካው በሁለት ጣት በልጦ ተገኘ። እናቴ ለማካሮኒዋ እልል አለች።

ብዙም ሳይቆይ ታዲያ ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ጥቁር ቁራሽ አገኘች፤ ከየት እንዳመጣውም ዮናስ ነገራት። እኔንም እሱንም እየጎተተች እትዬ ሐዋ በር ላይ ቆመችና ጮኸች፤ እነዚያ ሐኪሞች ሁሉ ከየቤታቸው ወጡ። «ልጄን ምን አበላሽው? አበላሁት ትይኝ ይሆናል፤ አበላሸሽብኝ እንጂ! የኔን ልጅ በዳጉሳ!» ወዲያው ወደኔ ዞረች። «አንች! ምን አድርገው ነው ያበሉት?»

እውነቱን ብናገር «ታዲያ የኔን ዳቦ ማን ሲበላው ኖሯል?» መባሉ አይቀርም። «አስገድደው ነው» አልሁ። «እጁን ይዘው ነው ያጎረሱት።»

እትዬ ሐዋ አዩኝ። ትልቁ ልጃቸው «ውሸቷን ነው» ሊል አፉን ሲከፍት በክንዳቸው ገፋ አደረጉትና፣ ያን ሁሉ ሰው ትተው ወደ እናቴ ብቻ እያዩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቱን አትምቻት» አሉ። ዕድሜ ልኬን ብዙ ሰው ንቄአለሁ፤ የዚያን ቀኗን እኔን የሚያህል ግን አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲያ በሩ ተቆለፈ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያንዳንዷን ጉርሻ ታስውጠው ጀመር፣ እኔም ዳቦው ቀረብኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ሆስፒታል ገባ፤ ሰውነቱ አልጋው ላይ አይታይም ነበር። ሐኪሟ «ደህና የነበረበት ጊዜ አለ? ያኔ ምን ይበላ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «ማካሮኒ» አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን አይ ነበር። በስንት መከራ ተረፈ፤ ሲሻለው ሲብስበት፣ ሌላ ሐኪም የበሽታውን ስም እስኪነግረን ድረስ ስድስት ዓመት አለፈ፣ በስድስቱ ዓመት መቃኑ ላይ ያሉት የዮናስ ጭረቶች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ እንደ ጠባሳ ወፍረው ቀሩ። እትዬ ሐዋ በዚያን ጊዜ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ገብተዋል። እናቴ ማኛ ጤፍ አስጭና ይቅርታ ልትጠይቅ በጀልባ ብትሻገር ከሞቱ ወር ሆኗቸው ደረሰች።

ቅዳሜ ከሆቴሉ ስወጣ ያችን ጥቅልል በወረቀት አስጠቅልዬ እናቴ ቤት ሄድሁ፤ ዮናስ ዛሬ የኮሌጅ መምህር ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ እራቱን እዚያ ነው የሚበላው። ተረተራት፣ አገላብጦ አያት፣ አስቀመጣት። «ስንዴ ቀላቅለውበታል። ዳጉሳ ብቻውን እንዲህ አይጠቀለልም፤ ይሰበራል።»

ከግሉተን ነፃ! እኔ ሆቴሉን ስራገም እናቴ ከተቀመጠችበት፣ ይኸ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ «እስቲ ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ?» አለችው። ዮናስ ሣቀ። እኔ ግን ሣቁ አልመጣልኝም።

«ያን ጊዜ እኮ ዋሽቻለሁ» አልሁት። «እትዬ ሐዋ አላስገደዱህም።»

እናቴ ቀና አለች።

«አውቃለሁ» አለ ዮናስ፣ «የበላሁት እኔ ነኝ እኮ።»

ከዚያ እራቱን ሊያወርድ ተነሣ። የእሱን ዳጉሳ እንጀራ ከስንዴ እንዳይነካካ ብላ እናቴ ለብቻው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው የምታስቀምጠው። በእግሩ ጣቶች ቆመ፤ ተንጠራራ፤ አልደረሰበትም። ከእሱ በአንድ ስንዝር የምረዝመው፣ ዳቦውን የበላሁት እኔ፣ ተነሥቼ አወረድሁለት።