የአባቴ የወታደር ኮፍያ

አባቴ በሞተ ማግስት ጀግና ሆነ። ከዚያ በፊት ኮልፌ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠራ የኖረ፣ ውሻ ሲጮህ ሮጦ የግቢውን በር የሚዘጋ አናጢ ነበር። ለቅሶው ላይ ግን ከጎጃም የመጣችው አክስቴ ቁም ሳጥን አናት ላይ አንድ አሮጌ ዥንጉርጉር የወታደር ኮፍያ አገኘች። ከፍ አድርጋ ይዛው «የጦር ሜዳው አንበሳ!» እያለች ድንኳኑን ሙሉ አስለቀሰችው። የሚያለቅስ ሰው ደግሞ አይታረምም። እናቴ እንኳ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

በአርባው አባቴ መቶ አለቃ ሆኖ ቆየኝ። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ታላቅ ወንድሜ ሐውልት አዘዘ፤ ፎቶ ቤት ሄዶም ሐውልቱ ላይ በሚለጠፈው ፎቶ ኮፍያውን በኮምፒውተር አባታችን ራስ ላይ አስደፋለት። ከሥሩ «ለአገሩ የዘመተ» ተብሎ ሊቀረጽ ነው። ወሬ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ድንጋይ ላይ ከሰፈረ ግን ልጆቼ ያምኑታል፤ እኔ ደግሞ የገዛ አባቴ ይዝመት አይዝመት አለማወቄ አበሸቀኝ። ኮፍያውን በፌስታል ይዤ የየት አገር፣ የየትኛው ጦር እንደሆነ ላጣራ ወጣሁ።

18 ማዞሪያ አጠገብ የሚኖሩ ጡረተኛ ወታደር አውቃለሁ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«የአየር ወለድ ነው ልጄ። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ» አሉና ሊያጠልቁት ሞከሩ። አልገባም። «ሲታጠብ ይጠባል።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?»

አብረዋቸው ካርታ የሚጫወቱት ወዳጃቸው ኮፍያውን ሳይነኩ «የኩባ ነው» አሉ። ሁለቱ የድሮ ጦርነታቸውን እንደ አዲስ ጀመሩ፤ እኔን ረሱኝ። ፎቶ አንስቼ ስልኬን ብጠይቀው ደግሞ ለዓሣ አጥማጆች የሚሆን ኮፍያ በሦስት ቀለም አቀረበልኝ። ተናድጄ ወደ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። የደረሰብኝን ስነግራት ሳቀች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ ነኝ የገዛሁለት፣ ከሰልባጅ ተራ» አለች። «የአፈሳው ጊዜ ነው። ወጣት ወንድ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫናል። አባትሽ ኮርኒስ ላይ ተደብቆ ከረመ። ወንድምሽ ዳዴ ይላል፣ ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም። ኮፍያውን አድርጎ ሥራ መውጣት ጀመረ። ለፈቃድ የመጣ ወታደር መስሏቸው ታጣቂዎቹ ሰላም እያሉት ያልፋሉ።»

«አይፈራም ነበር?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በሩን ሦስቴ ከፍቶ ሦስቴ ዘግቶ ነበር የሚወጣው። ግን ይወጣል።»

የጦር ሜዳው አንበሳ ጦር ሜዳ ላለመሄድ ነበር ለካ ኮፍያ ያጠለቀው። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ተናደድኩ።

«ታዲያ አክስቴ ያን ሁሉ ስትል ለምን ዝም አልሽ?»

«ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ‹ኮርኒስ ላይ ነበር› ልበል?»

ወንድሜ ኮፍያውን ከፎቶው እንዲያስነሳ ልደውልለት ስልኬን አወጣሁ። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ኮፍያው አይነሳም። ያኔ ከዚህ ሰፈር ከተጫኑት ልጆች አንድም የተመለሰ የለም። እናቶቻቸው ሄደው የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ የላቸውም። አንቺ የተወለድሽው በዓመቱ ነው።»

አባቴ እየፈራ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ታየኝና አለቀስኩ። ከዚያ ደወልኩ።

«‹ለአገሩ የዘመተ› የሚለው ይቅር» አልኩት ወንድሜን። «‹ለልጆቹ የተረፈ› ይባል።»

«ኮፍያውስ?»

«ኮፍያው ይቆይ» አልኩት።