የአንድ ነጥብ አንድ ቃለ ጉባኤ

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከባጃጅ ጋራዥ ጎን፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን ትጠግናለች። ሱቋ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። በኤሌክትሮኒክስ ስትመረቅ "የመንግሥት ሥራ እስካገኝ" ብላ የከፈተችው ነበር፤ ይኸው ሰባት ዓመቱ።

አምና በጥቅምት አያ ባምላኩ የሚባሉ የወፍጮ ቤት ባለቤት ከገበዝ ማርያም መጡባት። የተቃጠለ ሞተራቸውን በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሽቦውን አስጠምጥመው መመለሳቸው ነበር።

"ልጄ፣ ይኸ ወፍጮ እህሉን ትቶ እኔን ነው የሚፈጨኝ" አሏት። "መብራቱ በሦስት ገመድ ይመጣል። አንዱ ሹልክ ብሎ ሲጠፋ ወፍጮው ማቃሰት ይጀምራል። እኔ ደግሞ በቆሎው ከብዶት ነው እላለሁ። ወዲያው ጭስ!"

"ከሦስቱ አንዱ መስመር፣ አንዱ ፌዝ እየጎደለ ነው፣ አያ። መጉደሉን አይቶ ሞተሩን ቶሎ የሚያጠፋ ነገር ልሥራልዎት።"

"እንዳፍሽ ያርግልኝ።"

ሥራው የሚጀመረው ላፕቶፕ ላይ ነው። ዕቃዎቹን የሚይዘው ሰሌዳ፣ ቦርዱ፣ ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ እግሩን የሚሰካበት ቀዳዳና በቀዳዳው ዙሪያ የሚበየድበት የመዳብ ቀለበት በፕሮግራም ይሣላል። የታወቁ ዕቃዎች ሥዕላቸው ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ መምረጥ ብቻ ነው። ያምሮት ከገበያ ያገኘችው ሪሌ ግን፣ ሞተሩ እንዲቆም ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ባለ አምስት እግር ጥቁር ሳጥን፣ ፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቁጥርም የትም አይገኝም። ስለዚህ ሥዕሉን ራሷ መሥራት ነበረባት።

ሪሌውን ገለበጠች፤ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጋ በማስመሪያ ለካችና እንዳየችው ሣለችው። ቦርዱ ተሠርቶ ሲያልቅ የግራው ቀዳዳ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ሆኖ አገኘችው። ፕሮግራሙ ዕቃውን የሚያየው ከላይ ነው፤ እሷ ያየችው ከሥር ነበር። ያን ቀን ራሷን ስትሰድብ ዋለች። በማግስቱ ከጋራዡ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ተውሳ እንደገና ለካች። እግሩ አንድ ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ይወፍራል። ቀዳዳው ከእግሩ ትንሽ መስፋት አለበትና አንድ ነጥብ አምስት አደረገችው፤ ቀለበቱን ሦስት። ሥዕሉን በወረቀት አትማ የሪሌውን እግሮች ወረቀቱ ላይ ወጋቻቸው። አምስቱም መሃል ለመሃል አረፉ። ብቻዋን ሳቀች።

ወሬው አቶ ስመኘው ጆሮ ደረሰ። አቶ ስመኘው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ በአንዱ የፈጠራ ሥራ አስተባባሪ ናቸው፤ በአራት ዓመት ሹመታቸው ያላስተባበሩት ነገር ቢኖር ፈጠራ ብቻ ነው። ቡሬ ላይ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባዶ ጠረጴዛ እንዳላቸው ትዝ አላቸውና ሱቋ ድረስ በእግራቸው መጡ።

"እኅቴ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። በኮሚቴ ይታይ።"

ኮሚቴው ሰባት አባላት ነበሩት። ያምሮት ሥዕሏን ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። አንደኛው አባል "ቀዳዳ" የሚለው ቃል ለሪፖርት ስለማይመች "ክፍተት" እንዲባል ጠየቀ። ሌላው፣ ክፍተት ከተባለ የአፈጻጸም ክፍተት ይመስልብናል ሲል ተቃወመ። በዚህ ግማሽ ቀን ሄደ። ከሻይ በኋላ ወደ መጠኑ ገቡ። የዕቅድ ባለሙያው አንድ ነጥብ አምስት የተጋነነ ነው፣ ቆጣቢ እንሁንና ዜሮ ነጥብ ስምንት ይብቃ አለ። ሌላዋ አባል ደግሞ ያልተሰባበረ ቁጥር ስለሚያምር አንድ ይሁን አለች። አቶ ስመኘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጽንፍ አንይዝም። የሦስቱ አማካይ ይወሰድ።"

አማካዩ አንድ ነጥብ አንድ ሆነ።

"ጌታዬ" አለች ያምሮት፣ "እግሩ አንድ ነጥብ ሁለት ነው። በዚህ ቀዳዳ አይገባም።"

"ኮሚቴው ገብቶታል።"

"ኮሚቴውንስ ይግባው፤ እግሩ ነው የማይገባው።"

ጸሐፊው "የባለሙያዋ አስተያየት በአድናቆት ተደምጧል" ብሎ ጻፈ፤ ሰባቱም ፈረሙ።

ያምሮት ሁለት ቦርድ ሠራች። አንዱን እንደ ሪሌው ልክ ሠርታ ወደ ገበዝ ማርያም ሄዳ ወፍጮው ላይ ገጠመችው። ሌላውን እንደ ቃለ ጉባኤው ሠራች። የዚህኛው ሪሌ እንደፈራችው እምቢ ስላለ እግሮቹን በመቁረጫ ከርክማ በማጣበቂያ ለጠፈችው።

"ይኸኛው አይሠራም" አለቻቸው አቶ ስመኘውን።

"መስታወት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማን ይነካዋል ብለሽ?"

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ሪባን ተቆረጠ። የክብር እንግዳው ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ወደ መስታወቱ አጎነበሱ።

"ምንድን ነው የሚሠራው?"

"ፌዝ ሲጎድል ያጠፋል" አለች ያምሮት።

"ፌዝ?" እንግዳው ቀና አሉ።

አቶ ስመኘው ፈጥነው መሃል ገቡ። "እኛ ዘንድ ፌዝ ጎድሎ አያውቅም፣ ክቡርነትዎ!"

ተጨበጨበ። ሥራው አንደኛ ወጣ። ዋንጫው ለኮሚቴው፣ የተሳትፎ ወረቀትና ለሁለት ሰው የሚበቃ ካናቴራ ለያምሮት ተሰጠ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ አያ ባምላኩ ደወሉ።

"ልጄ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ወፍጮው ቀጥ አለ። የገበያ ቀን ነው፤ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል!"

"ቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ መብራት በርቷል?"

"ቦግ ብሏል።"

"እንግዲያው ምንም እንዳይነኩ። የመብራት ባለሙያውን ይጥሩና ገመዶቹን ይይ።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲደውሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ከሦስቱ ገመዶች የአንዱ ፊውዝ ምሰሶው ላይ ተቃጥሏል። ሞተሩ ግን ሳይግል በጊዜ ቆሟል።

"ስሰድብሽ ሰምተሽኝ እንደሁ ይቅር በይኝ" አሏት።

"ኧረ አያ፣ አልሰደቡኝም።"

"ሳልደውልልሽ በፊት ነው የሰደብሁሽ።"

ከቋሪትና ከሰከላ ዘጠኝ የወፍጮ ባለቤቶች ተከታትለው መጡ። በመሃሉ ከአቶ ስመኘው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሳት፦ ገበዝ ማርያም የተተከለው ቦርድ ከጸደቀው የቀዳዳ መጠን ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊሜትር ልዩነት ስላሳየ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽ። ያምሮት "ልዩነቱ መሥራቱ ነው" ብላ ጽፋ ላከች። "የልዩነቱ ምክንያት ተገልጿል" ተብሎ ፋይል ተደረገ።

ገበያ ወርዳ ያንን ሪሌ ብትፈልግ አልቋል። የቀረበላት እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ በክብ ቀዳዳ ይላወሳል። ስለዚህ ሞላላ ቀዳዳ እንዴት እንደሚሣል ከፕሮግራሙ ጋር ስትታገል አራት ቀን ሄደባት። ዘጠኙም ከጥምቀት በፊት ተገጠሙ። የሰከላው ብቻ አልሠራ ብሎ በሚኒባስ ሄዳ ብታየው አይጥ ገመዱን በልታዋለች። ገመዱን ቀይራ፣ ባለቤቱ ድመት እንዲያሳድጉ መክራ፣ በመጨረሻው መኪና ተመለሰች።