ፈተናዋን እስክትጨርስ

ታላቅ ወንድሜ ወገዳ ላይ ማረፉን የነገረኝ ከዚያ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ የሰው ሞት ከሁለት ወገን ሳላረጋግጥ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ስልኩ እስኪሠራ ጠብቄ ያከመውን የጤና መኮንን ጠየቅሁ። ጉበቱ ነው አለኝ፤ ቀብሩም አልፏል። የወንድሜ ሚስት ስልኩን ከእሱ ተቀብላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ልጄ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ።"

ልጅቷ እኔ ዘንድ፣ ንፋስ መውጫ፣ ተቀምጣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትዘጋጅ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓመት ባክኖባታል። አሁን ከሰማች አትፈተንም፤ ዘንድሮ ካልተፈተነች ደግሞ የሚመጣው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ለዘገባ ሌላ ወረዳ ነው የምሄደው ብያት ወገዳ ወርጄ ለቅሶ ደርሼ ተመለስሁ። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ጎረቤቶች የዘቀዘቁትን ነጠላ በራፌ ላይ አቃንተው ይገባሉ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ድንች ዘሩ አውርተው ይወጣሉ፤ አጥሩን ሲያልፉ መልሰው ይዘቀዝቁታል። የአባቷ ስልክ ለምን እንደማይሠራ ስትጠይቀኝ ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ብዙውን ቀን እውነትም አይኖርም። ውሸቱን ያቀለለልኝ ይኸው ነበር።

የምትፈራው እንግሊዝኛን ነው፤ ከእንግሊዝኛም ፈሊጡን። ቃሎቹን ለየብቻ ታውቃቸዋለች፣ ሲገጣጠሙ ይጠፉባታል። ከሥራ ስመለስ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንፈታቸዋለን።

"'ሰማያዊ ጨረቃ ስትወጣ' ካሉ፣ ከስንት አንዴ ማለታቸው ነው" አልኋት።

"እንደ ወገዳ ኔትወርክ ነዋ፣ ጋሼ።"

"እንደሱ ብለሽ ያዥው።"

"'ከአየሩ በታች ነው'ስ?"

"ትንሽ አሞታል።"

"እንደ አባዬ" አለች። "እስካሁን ሻል ብሎት ይሆናል እንግዲህ።"

"ቀጥይ" አልኋት።

አንድ ቀን ሲመሽ ባልዲው ላይ ደረስን። ባልዲውን በእግሩ መታው፣ ይላል እንግሊዝኛው። ምን ማለት ነው አለችኝ።

"ሞተ ማለት ነው" አልሁ። ድምፄ አልተለወጠም። ለዓመታት በሬዲዮ የሞተ ሰው ቁጥር ያነበብሁበት ድምፅ ነው።

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ኧረ ጋሼ፣ ባልዲ ረግጦ የሞተ ሰው በአገራችን በስማዳ ተሰምቶ አያውቅም። በቅሎ ረግጣው ቢሉኝ ይሻል ነበር።"

"ለቀልድ የሚሉት ነው። ሐዘን ቤት አይባልም።"

"እንግሊዞችም እንደኛው ሞተ ማለት ይፈራሉ ማለት ነዋ" አለችና መልሳ ሳቀች። እኔ እሳቱን ቆሰቆስሁ። ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል።

ተፈታኞቹን ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሲመጣ ሸኘኋት። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንደማይነግራት ሳውቅ ትንሽ ተነፈስሁ። ፈተናው አልቆ ስትመለስ ከአውቶቡሱ ደረጃ ሳትወርድ ነው የጀመረችልኝ።

"ያ ባልዲ መጣልኝ፣ ጋሼ። አልሳትሁትም።"

ጎበዝ አልኋትና ሻንጣዋን ተቀበልሁ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ያን ምሽት እንድትተኛ ተውኋት።

ሲነጋ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ መጡ። ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉ። በዚህ ቀን በራፌ ላይ ነጠላዋን ያቃናች አንዲትም አልነበረችም። ቄሱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል" አሏት። ሴቶቹ ለቅሶውን ሲጀምሩ እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"መቼ?"

አንዱ ሽማግሌ አሁን ይህ ምን ያደርግልሻል ሊላት ጀመረ። እኔ ግን ቀኑን ነገርኋት፤ ለዜና እንደምጽፈው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ቆማ አሰበች።

"ባልዲውን ሲነግሩኝ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ ስስቅ ነበር፣ ጋሼ" አለች። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።