ለሙሽራ የተቀመጠው ሳሙና

ብዙ ሰው ጥሩ ጺም ላጭ የሚታወቀው በምላጩ ይመስለዋል። እኔ በሳሙናው ነው እላለሁ። ምላጭማ ከሱቅ ይገዛል፤ አዲስ ከሆነ ይቆርጣል፣ ካረጀ ይቧጭራል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሳሙና ግን ጠጉሩን አለስልሶ፣ ቆዳውን አረጋግቶ፣ ሰውየውንም ዝም የሚያሰኝ ነገር ነው። ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ዝቅ ብላ በምትገኝ ባለ አንድ መስኮት ቤት ውስጥ፣ በደርግ ዘመን ለዓመታት የሰው ጉንጭ ስላጭ ኖሬያለሁና በዚህ ነገር ማንም እንዲከራከረኝ አልወድም።

ያን ጊዜ በእጄ የሚያልፈው ሳሙና አራት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው የጺም ሳሙና ተብሎ መጠራትም የሌለበት የልብስ ሳሙና ነው። በቀበሌው ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው እሱን ነበር፤ ያው አንዱ ሳሙና ለልብስም፣ ለልጅ ገላም፣ ለእኔ ደግሞ ለጺም ይሆናል። አረፋው ለጉድ ነው፤ ያታልላል። ገና ግራ ጉንጩን ላጭተህ ሳትጨርስ የቀኙ ደርቆ ይጠብቅሃል። ምላጩ ሲያልፍበት ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ አረቄ ካልተቀባ ቆዳው ሽፍ ይላል።

ሁለተኛው በክብ ቆርቆሮ የሚመጣው ነው። ደህና ሳሙና ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እርጥብ ብሩሽ እዚያው ላይ እያሹ ነው አረፋ የሚያወጡለት። ክረምት ገብቶ ውሃው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኛ ቤቱም ልብሱም እርጥብ ነውና፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሳሙና እንደ ሊጥ ይላቁጣል። በዚያ ላይ የአንዱን ጺም የነካ ብሩሽ ተመልሶ የሁሉም ሳሙና ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ጭርት ያለበት ሰው ሳላውቅ ላጭቼ፣ ከዚያ ወዲያ ስንቱ ጉንጩን እያከከ እንደመጣብኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሦስተኛው በቱቦ ያለው ክሬም ነው። ይህን የሚያመጡት ከላይ የሚላኩ ካድሬዎች ነበሩ። ቱቦውን ከኪሳቸው አውጥተው «በዚህ ላጨኝ ጓድ» ይሉኛል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ጺሙን ግን ገና ሳያለሰልስ ይሟሟል። ከሽታው በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘሁበትም። ለጓዶቹ ግን አንድም ቀን እንዲህ አላልኳቸውም፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

አራተኛውን ለራሴ «ሻማው» እለው ነበር፤ መልኩ እንደዚያ ስለሆነ። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ድቡልቡል ዘንግ ነው፣ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ። ወረቀቱን ከጫፉ ገለጥ ታደርግና፣ ጺሙን በሞቀ ውሃ አርሰህ፣ ዘንጉን ራሱን ጉንጩ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ታሸዋለህ። ቆርቆሮ የለ፣ ሳህን የለ። ከዚያ እርጥብ ብሩሽ ስታዞርበት አረፋው እዚያው ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከጉንጭ እስከ ጉሮሮ ላጭተህ እስክትጨርስ ይጠብቅሃል። ሲበቃህ ጫፉን በምላጭ ስስ አድርገህ ትሸልተውና ለሚቀጥለው ሰው ንጹሑን ታቀርባለህ። ጭርት የሚባል ነገር በሻማው ሲተላለፍ አላየሁም።

ጉድለቱ አለመገኘቱ ነበር። አንድ ወደ ጎንደር የሚመላለስ የጭነት ሾፌር በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ያመጣልኝ ነበር፤ ያመጣውን በሣጥን ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ ለሙሽራ ብቻ አደረግሁት። ጥር ሲገባ ሙሽሮች ከሚዜዎቻቸው ጋር እየዘፈኑ ከይፋግም፣ ከሜዳውም ይመጣሉ፤ ሣጥኑ ይከፈታል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እድሜው የገፋ ሰው ላይ ሻማውን ላወጣ ብል፣ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ «ደግሞ ማንን ሊያገቡ ነው?» ብለው ይሥቁ ነበር።

አጎቴ በየገበያው ቀን ይመጡ ነበር። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እናቴ ስትሞት ወስደው ከልጆቻቸው ጋር ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሙያውን ተምሬ ቤቷን ስከፍትም፣ ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ከጓሯቸው ዋንዛ አስጠርበው በአህያ ጭነው አመጡልኝ። ከብት የሚወዱ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እሳቸውን በሻማው ልላጭ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ።

«ተው ያን ለሙሽራ አስቀምጠው» ይላሉ። «የኔ ጉንጭ የፎገራ በሬ ቆዳ ነው። ለበሬ ማን ቅባት ይቀባል?»

በልብስ ሳሙና ተላጭተው፣ አረቄዬን ግማሹን ለጉንጭ ግማሹን ለጉሮሮ አድርገው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ለእኔ እንደ ወንድሞቼ ናቸው። ትልቁ ቀድሞ ወታደር ሆነ። ትንሹን በብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሁለቱም ሰሜን ነበሩ። ደብዳቤ ሲመጣ አጎቴ ሳያስከፍቱት በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይመጡና፣ አረፋው ፊታቸው ላይ እያለ እኔ አነብላቸዋለሁ። አንዱ ሲጽፍ ስለ ሌላው ይጠይቃል፤ እዚያ ተያይተው አያውቁም። ከዚያ ከሁለቱም ደብዳቤ ቆመ። አጎቴ ግን ገበያ በወጡ ቁጥር የደረት ኪሳቸውን እንደ ልማድ ዳበስ ያደርጉ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ከሜዳው እየሸሸ ከብቱ ወደ ለምለሙ በሚወርድበት ሰሞን፣ ከትንሹ ጋር የዘመተ አንድ ልጅ ቆስሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ትንሹ ሞቷል። ልጁ ይህን በየመንገዱ ላገኘው ሰው እየተናገረ ነው የመጣው፤ ምን ያድርግ፣ እሱም ሕፃን ነው።

በእኛ አገር ሞት እንዲሁ በመንገድ አይነገርም። ወሬው የደረሳቸው አፋቸውን ይይዛሉ፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ከዚያ በማለዳ የንስሐ አባቱና ሽማግሌዎች ከደጃፉ ቆመው ያረዱታል። የአጎቴ የንስሐ አባት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እኔ ቤት መጡ።

«ነገ ገበያ ነው» አሉኝ ቄሱ። «ከገበያው ወደ ይፋግ ሊሻገር ነው፣ ጥጃ ሊያይ። መንገድ ላይ ከማንም አፍ እንዳይሰማ። አንተ ጋ አቆየውና አመሻሽተህ ወደ ቤቱ መልሰው። ዘመዶቹ ዛሬ ተልኮባቸዋል፤ ከገበያው በሁለተኛው ቀን ማለዳ እናረዳዋለን። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳይወጣህ።»

«እሽ አባ፣ አይወጣኝም» አልኩ። መስቀላቸውንም ተሳለምሁ።

በማግስቱ አጎቴ የጥጃውን ቀንድና ሻኛ እያወሩ ገቡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ሰው አልነበረም። ፎጣውን አንገታቸው ላይ አሰርኩ፤ ጺማቸውን በሞቀ ውሃ አራስኩ። እንደ ወትሮው የልብስ ሳሙናውን ማንሳት ነበረብኝ፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እጄ እምቢ አለኝ። ከነገ በኋላ እነዚህን ጉንጮች ምላጭ አይነካቸውም፤ የሐዘንተኛ ጺም እስከ አርባው ይለቀቃል፣ የልጅ ሲሆን ደግሞ እስከ ሙት ዓመቱ የሚያቆዩትም አሉ። ያሳደገኝን ሰው የመጨረሻውን ቀን በሚያቃጥል ሳሙና መላጨት አልሆንልህ አለኝ። ሣጥኑን ከፍቼ ሻማውን አወጣሁ፤ ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ ጉንጫቸው ላይ አሸሁት።

ለፍቅር ብዬ ነው ያደረግሁት። የሠራሁትን የተረዳሁት ብሩሹን አንሥቼ ማዞር ስጀምር ነው፤ ምክንያቱም አጎቴ «ለሙሽራ አስቀምጠው» አላሉም። የጥጃውም ወሬ እዚያው ቀረ።

«አንተ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «እኔ ሰርግ የለብኝ።»

«ያኛው ሳሙና አልቆብኝ ነው አጎቴ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። የልብስ ሳሙናው ፊት ለፊታቸው መስኮቱ ላይ ነው። አዩት፤ መልሰው ጨፈኑ። አንዱን ጉንጭ ላጨሁ። ምላጩ ሳይሰማቸው ያልፍ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የሰመረ ላጭቼ አላውቅም። ወደ ሁለተኛው ጉንጭ ስዞር፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማለት ይቻላል፣ ጠየቁኝ።

«የትኛው ነው?»

«ትንሹ» ማለት ነበረብኝ። ግን ለቄሱ ቃል ሰጥቻለሁ፤ መርዶ ደግሞ በላጭ ቤት፣ ፊቱ ግማሽ አረፋ ለሆነ ሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ደግሞም ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠው ፍርሃቱ ነው፤ ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

«ምኑ አጎቴ?» አልኩ።

«ይሁን» አሉ። «ቃል አስጠብቀውህ ይሆናል። በል ጨርሰኝ።»

ጨረስኩ። ሲነሡ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። አረቄ አልጠየቁም። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «ለእናትህ ትንፍሽ እንዳትል፤ ዛሬንም ነገንም በሰላም ትደር» አሉ። ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው፤ እናት ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ ይፋግ ሳይሆን ወደ ቤታቸው አቀኑ፣ ማንም ሳይመልሳቸው። ቄሱ በኋላ «በጥበብ መለስኸው» ብለው አመሰገኑኝ። እኔም ተመሰገንሁ።

በቀጠሮው ማለዳ ግቢው ሞላ። ጤዛው ገና አልተነሣም። አጎቴን የሚጠራቸው ሳያስፈልግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ፍም መስሎ፣ ፊታቸው ግን ልስልስ ብሎ። ባለቤታቸው ከኋላ ወጡ፤ ሰዉን ሲያዩ ነጠላቸውን ጥለው ደረታቸውን ያዙ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ቆሙና፣ ትንሹ ልጅህን እግዚአብሔር ወሰደው አሉ፤ በስሙ ጠርተው።

«ተመስገን» አሉ አጎቴ።

ቃሉ ከማንም ጩኸት ቀድሞ ነበርና ሁሉም ሰማው። ያ ሁሉ ለቅሶ ተነሥቶ እንኳ ሰዉ እሱን አልረሳም። ቄሱ ለዓመታት በስብከታቸው ይጠቅሱት ነበር፤ ልጁን በሞት ተነጥቆ ፈጣሪውን ያመሰገነ ምእመን በእኛ ደብር አለ እያሉ። ሰው በእሳቸው እምነት ይጽናና ነበር። እኔ ግን ያን ስብከት ጨርሼ ሰምቼው አላውቅም፤ ሲጀምሩት ወደ ውጭ እወጣለሁ።

እኒያ ሰው ሁለት ሌሊት ሙሉ ከሚስታቸው ጎን ተኝተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ነው የቀበሩት። አንዴ ትልቁን፣ አንዴ ትንሹን፣ እያገላበጡ። ማለዳ ላይ የትንሹ ስም ሲጠራ ትልቁ ተመለሰላቸው፤ ያመሰገኑት ለእሱ ነው። እኔ አንዲት ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ያለቀሱት ለአንድ ልጅ፣ በደንቡ ይሆን ነበር፤ ያንን ቃልም አፋቸው ባላወጣው ነበር።

ቃሉ እንደወጣቸው ዞረው ያዩት እኔን ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፈልገው። ምን ማለታቸው እንደነበር የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍተው በትንሹ ልጃቸው ስም እየተጣሩ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ይሉ ጀመር። ሰዉ ከዘመቻው ስላላስቀሩት መሰለው።