ድራማው ውስጥ ያልነበረው ዘንዶ

ባለፈው ቅዳሜ ስፕሪንግፊልድ ካለው ቤታችን ቤዝመንት ዕቃ ስናወጣ፣ ልጄ አንድ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ከግድግዳው አላቃ ጮኸች። የተሣለበት አረንጓዴ ዘንዶ አንድ ጎረምሳ ከራሱ እስከ ወገቡ ውጧል፤ እናቱ በእግሩ ትጎትተዋለች።

"ማም፣ ይሄን ትራሽ ላድርገው?"

"ትነኪውና!" አልኳት።

ያ ሥዕል ሲሣል ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዲቪ መጥቼ ላንግሊ ፓርክ እኖር ነበር፤ ቀን ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ ከሥራ መልስ ለቤተ ክርስቲያናችን ድራማ እጽፋለሁ። ያለፈውን ድራማችንን ያዩት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ደግሞ ዝናብ ሸሽተው የገቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ታደሰ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "በዚህኛውም ሰው ካልመጣ ድራማው ይቅርና ሰዓቱ ለጸሎት ይሁን።" ከጸሎት ጋር ማን ይከራከራል?

ጎረቤቴ ሚስተር ኮፊ ጋናዊ ነበሩ። እዚህ የአፓርትመንት ግድግዳ ነጭ ይቀባሉ፤ በአገራቸው ግን ከከተማ ከተማ ለሚዞሩ የቴአትር ቡድኖች ማስታወቂያ ይስሉ ነበር። ሥዕሉ አዳራሹ በር ላይ ይቆማል፣ ሰው እሱን አይቶ ይገባል። ዓይን የሚያስለቅስ የኦቾሎኒ ሾርባቸውን እያበሉኝ ታሪኬን አዳመጡ፤ አሜሪካ መጥቶ እናቱን የረሳ ልጅ ነው።

"ምን የሚያስደነግጥ ነገር አለው?" አሉኝ።

"ከእናቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል።"

በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳምንት ሳይሞላ ዘንዶውን ይዘው መጡ።

"ሚስተር ኮፊ፣ ድራማው ውስጥ እኮ ዘንዶ የለም!"

"እኛም አገር ሥዕሉ ላይ ያለው ድራማው ውስጥ የለም። የእኔ ሥራ ሰው ማስገባት ነው፤ ከገባ በኋላ ያንቺ ፋንታ ነው።"

ሥዕሉን በር ላይ አቆምነው፤ ወሬው ተዛመተና እሑድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አዳራሻችን ጢም አለ፤ ራቅ ካለው አናንዴል ሳይቀር መጡ። ደብዳቤው ተነበበ፣ ልጁ ተጸጸተ፣ እናቶች አለቀሱ። እሰይ ብዬ መጋረጃውን ልዘጋ ስል፣ ጋሽ ታደሰ ከፊት ወንበር ተነሱ።

"ልጄ፣ ዘንዶውስ?"

"አዎ፣ ዘንዶው!" አለ ሕዝቡ።

ዞር ስል መዘምራኑ ለመዝጊያው መዝሙር አረንጓዴ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከመድረኩ ጎን ባለው በር ላይ ቆመዋል። ትርፍ ቀሚስ አጠለቅኩና "ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ!" አልኳቸው። እኔ ከፊት ሆኜ እየተጥመለመልን መድረክ ወጣን፤ ልጁን ሆኖ የሚሠራውን ጎረምሳ ራስ በሰፊው እጅጌዬ ጠቀለልኩት። እናት ሆና የምትሠራው ልጅ አንድ እግሩን ስትጎትት፣ ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን ጥለው ሌላውን ያዙ። "በኢየሱስ ስም ልቀቀው!" ብለው ጮኹ። ለቀቅኩት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ጋሽ ታደሰ ላባቸውን እየጠረጉ የጠየቁኝ "ቀጣዩ መቼ ነው?" ብቻ ነበር።

አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁት ሚስተር ኮፊ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። "ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ዘንዶ ስያለሁ፤ ከሥዕሉ ወርዶ ያየሁት ግን የዛሬውን ብቻ ነው" አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሥዕሉን ከቤዝመንት አውጥቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ስንት ቀን የለፋሁበትን ያንን ደብዳቤ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ አላስታውሰውም፤ የሚስተር ኮፊን ፊት ግን አልረሳውም። ልጄ ሥዕሉን ቀና ብላ እያየች፣ "ማም፣ አንቺ የትኛዋ ነሽ? እናትየዋ?" አለችኝ።

"ዘንዶው ነኝ" አልኳት፣ በኩራት።