የአስተርጓሚዋ ያላለቀ ቀን

ወንድሜን ሰፈሩ «ጋሼ ቆይ» ነው የሚለው። የእኔ ልብስ ስፌትና የሱ ጌም ቤት በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ፤ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይኸው ቃል ነው። «ጋሼ፣ ጆይስቲኩ አይሠራም።» «ቆይ።» «ጋሼ፣ ተራዬ ደርሷል።» «ቆይ።» ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁሉ ነገር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ሲወለድም እናታችንን ሁለት ቀን አስምጧታል፤ ከዚያ በላይ ምን ልበል።

ሚስቱን ደግሞ ጌም ሊጫወቱ የሚመጡት የሰፈር ልጆች «አስተርጓሚዋ» ይሏት ነበር። ሁለቱን ያጋባቸው ክርክር ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ሁለት የጃፓን ጌሞች አሉ። ሁለቱም ብዙ ክፍል ያላቸው ተከታታዮች ናቸው፤ በሁለቱም አንድ ሰው ከተማ ውስጥ ወዳሻው እየዞረ ሰው ያነጋግራል፣ ይደባደባል። ወንድሜ የሚወደው ጠብና ሳቅ የሞላበትን ነው። እዚያ አንዲት ልጅ ታግታ «ቶሎ ድረሱልኝ» እያለች፣ ሊያድናት የወጣው ሰውዬ ዓሣ ሊያጠምድ፣ ሊዘፍን፣ ቦውሊንግ ሊጫወት ይችላል። ልጅቷ ምንም አትሆንም። ካርታው ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ጋ እስኪደርስ ዓለም እንዳለ ይጠብቀዋል።

እሷ የምትወደው ግን ቀስ ያለ ነው። ውስጡ ያለው ሰዓት አይቆምም። ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱ ጥሎህ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ደክሞት ይተኛል። የዕለቱን ጨዋታ ለማስቀመጥ እንኳ ሰውዬው ማታ ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ መተኛት አለበት።

«ያንቺ ጌም አይደለም፣ የቀን ሥራ ነው» ይላታል ወንድሜ።

«ያንተ ደግሞ ውሸታም ነው። ማን ነው እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅህ?»

«አንቺ።»

ስትስቅ በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ያን ጊዜ ገና ደንበኛ ነበረች፤ ብዙም ሳይቆይ ተጋቡ።

ጌሟ የሚያወራው በጃፓንኛ ነው። እሷ ከጃፓንኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን እዚያ ውስጥ ያለ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር በአማርኛ ትናገርለታለች። ጌሙ ውስጥ ያለውን ዓሣ ሻጭ ልክ እንደ አከራያችን ታነጫንጨዋለች። ልጆቹ የራሳቸውን ጨዋታ ትተው ይከቧታል፤ እኔም ስፌቴን ጥዬ እሄዳለሁ። ሰውዬው ማታ ቤቱ ሲገባ በር ላይ የምትቀበለው አንዲት አሮጊት አለች። አሮጊቷ ጋ ሲደርስ አስተርጓሚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አመሸህ፣ ልጄ። ግባ፣ ደክሞሃል» ትላለች።

«እንዲህ ማለቷን በምን አወቅሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ በር ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ሌላ ምን ይላል?»

የቆየ የኩላሊት ሕመሟ ሲብስባት ሆስፒታል ትተኛ ተባለ። ታክሲው መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ እየተጫወተች ነበር። ሰውዬው መንገድ መሃል እንዳለ ጌሙን ፖዝ አደረገችው። «እንዳትነኩት» አለች ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች፣ «መጥቼ ቤቱ አስገባዋለሁ።»

አልመጣችም። ከሆስፒታል ተደውሎ «ቶሎ ኑ» ሲባል ወንድሜ «ቆይ፣ ልጆቹ የያዙትን ይጨርሱና ዘግቼ እመጣለሁ» አለ። እኔ መቀሴን ወርውሬ ወጣሁ። ስደርስ እጇ ቀዝቅዟል፣ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። «መጣ?» ትለኛለች። «መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ። ደግሞ «መጣ?» ትለኛለች። እሱ ሲደርስ አልጋዋ ባዶ ሆኖ ተነጥፎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ እሷ ትጫወትበት የነበረውን ማሽን አላጠፋም፣ ለማንም አላስነካም አለ። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳነሳ መንገድ መሃል ቆሟል፤ ሰማዩ ሊመሽ ነው። ማሽኑ ሲግልና ሲጮህ ወንድሜ የራሱን ማራገቢያ አምጥቶ አጠገቡ ተከለለት። «ለሷ ያልደረስክ፣ ለዚህ ቆርቆሮ ማራገቢያ ትተክላለህ?» አልኩት። ምላሴን ይቁረጠው። እሱ የማሽኑን አቧራ በመዳፉ ጠረገ።

ከዚያ የመብራት ሠራተኞች መጡ። ደጃችን ያለው ምሰሶ በስብሷል፣ ሊቀይሩት ነው፤ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ይቋረጣል።

«ቆይ ጌታዬ፣ ነገ አይሆንም?» አለው ወንድሜ አንዱን።

«ጋሼ፣ ምሰሶው ነገን የሚጠብቅ አልመሰለንም።»

ወይ ሰውዬውን ቤቱ አስገብቶ ማስተኛት አለበት፣ ወይ መብራቱ ሲሄድ የመጨረሻ ጨዋታዋ አብሮ ይጠፋል። ካስተኛው ደግሞ የሷ ቀን አለቀ ማለት ነው። ሊያደርገው ያልቻለው ይህንን ነው።

«ይጥፋ» አለኝ። «እኔ አልጨርሰውም።»

«ቤቱ አስገባዋለሁ ብላ ነው የሄደችው። ሜዳ ላይ ልትጥለው ነው?»

ልጆቹን አስወጣ። ጆይስቲኩን አነሳ። በዚያኛው ጌም ሃያ ሰው አንድ ላይ የሚጥል ወንድሜ እዚህ ግድግዳ ለግድግዳ ይጋጭ ጀመር። መንገዱን የሚያሳይ ቀይ ምልክት የለም። «ዓሣ ሻጩ ጋ ወደ ግራ» አልኩት፤ ከሷ ያየሁት ነው። ዓሣ ሻጩ ሱቁን እየዘጋ ነበር። አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ የሚተረጉምለት ግን አልነበረም። ውጭ ሠራተኞቹ መሰላል ሲያቆሙ ይሰማል።

ቤቱ ደረሰ። በሩ ተከፈተና አሮጊቷ ወጣች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ትንሽ ልጅ ሆኖ እንኳ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። አንድ ሰው መናገር ነበረበት።

«አመሸህ» አልኩት።

«አመሸሁ» አለ። ከዚያም «እትዬ፣ ጠብቃኝ ነበር?» አለኝ።

እስከዚያች ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። መዋሸት አቃተኝ።

«እስክትሞት ድረስ በሩን እያየች ነበር» አልኩት።

ሰውዬውን ደረጃውን አወጣው፣ ክፍሉ አስገባው፣ አልጋው ላይ አስተኛው። ጨዋታው መቀመጡን የምታሳየው ምልክት ዞራ ዞራ ቆመች። መብራቱ ሲሄድ ጆይስቲኩ ገና እጁ ላይ ነበር።