ቡሬን የያዘው ሰው

ሃያ ሁለት አካባቢ ፈቃዱ ጀቤሳ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አታገኙም። «ቀዳጁ» ካላችሁ ግን ሠዓሊውም ፎቶ አንሺውም እጃችሁን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያደርሳችኋል። ፊት ለፊት ሲጠሩትም አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሌላው ሰው በሠራው ስም ሲያወጣ እሱ በቀደደው አወጣ።

ሥራው ማተም ነው። ጉርድ ፎቶና የሠርግ አልበም ግን አይነካም። እሱ የሚያትመው ኤግዚቢሽን ላይ የሚሰቀለውን፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ለልጁ የሚያወርሰውን ሥዕልና ፎቶግራፍ ነው። ወረቀቱ ከጥጥ የተሠራ ነው። በካርጎ መጥቶ ከጉምሩክ እስኪለቀቅ ድረስ ፈቃዱ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ቦሌ ደጃፍ ላይ ይንቆራጠጣል። ቀለሙም ከተራው ቀለም የተለየ ነው፤ ፀሐይ ካልመታው፣ እርጥበት ካልነካው ሁለት መቶ ዓመት አይደበዝዝም ይላል። ሁለት መቶ ዓመት ኖሮ የሚያጣራ ስለሌለ ሰው ያምነዋል።

ክፍሉን ያየ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። ግድግዳው አመድማ፣ መጋረጃው አመድማ፣ ፈቃዱ ራሱ ክረምት ከበጋ የሚለብሰው ሸሚዝ አመድማ ነው። ቀይ ወይ ቢጫ ከለበሰ ነጸብራቁ ወረቀቱ ላይ ያርፍና ዓይኑን ያታልለዋል። ኅትመቱ መሃል ላይ ደርሶ መብራት ሲጠፋም አይሳደብም፣ አያማርርም። የተበላሸውን ያወጣና ይቀድደዋል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ዋናው መቅደድ ግን ሥራው ሲያልቅ ነው። አንድ ፎቶ ከመታተሙ በፊት ጥቁሩ ጠቆረ፣ ነጩ ነጣ እየተባለ ብዙ ሙከራ ይወጣለታል። ፈቃዱ እነዚያን ሙከራዎች ሁሉ ሰብስቦ ባለቤቱ ቆሞ እያየ አራት ቦታ ይቀድዳቸዋል። ከዚያ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ ያጠፋል። ከዚያ ደግሞ «ከዚህ ቁጥር ሌላ ቅጂ የለም» በሚለው የምስክር ወረቀት ላይ ይፈርማል። በዚህ ፊርማ ነው አርቲስቱ ሁሉ ሌላውን ማተሚያ ቤት እየዘለለ እሱ ጋ የሚመጣው።

ይህን ሕግ ያወጣው ወዶ አይደለም፤ ተቃጥሎ ነው። ወጣት ሳለ የተቀጠረበት ማተሚያ ቤት ጌታ የአንድ ሠዓሊን ሥራ በስርቆሽ አባዝቶ ሲቸበችብ ኖሮ፣ ሠዓሊው አንድ ጭማቂ ቤት ገብቶ ሥዕሉን ከፓፓያው በላይ ተሰቅሎ አገኘው። ሠዓሊው ሊጠይቅ ሲመጣ ጌታው ጣቱን ወደ ፈቃዱ ቀሰረ። ፈቃዱ በሌብነት ስም ተባረረ፤ ለብዙ ዓመት ያ ስም ከኋላው ሲከተለው ኖረ። ራሱን ችሎ ሲከፍት የማለው መሐላ አንድ ነው፤ ሁለተኛ ማንም ሌባ አይለኝም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል፤ ሲቀድድም፣ ሲፈርምም፣ ሻይ ሲያዝም።

የራሱ አባት ስም ግን ከመቃብር በላይ የዋለው እንዴት እንደሆነ እንይ።

አባቱ ጀቤሳ ገበሬ ነበር። ዛሬ ለሚ ኩራ የሚባለው አገር ኮንዶሚኒየም ሳያበቅል በፊት ጤፍና ምስር ያበቅል ነበር፤ የጀቤሳ ማሳም እዚያ ነበር። መሬቱ ተወሰደ፣ ምትክ ቦታ ተሰጠ፣ ጀቤሳም በማያርሰው ምትክ ቦታ ላይ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የቀረው ፎቶ አንድ ነው፤ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው። ሚስቱ ደሪቱ በጨርቅ ቋጥራ ብታስቀምጠው እርጥበቱ በላው። ፊቱ ነጣ፣ ዓይኑ ሄደ፣ በመጨረሻ አንድ ጆሮና የኮሌታው ጫፍ ብቻ ቀሩ።

ፈቃዱ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ በየጊዜው ያንን ጨርቅ ትፈታና በኦሮምኛ «የሰውን ሁሉ ፊት ስታትም ትውላለህ፤ የአባትህን የት ጣልከው?» ትለዋለች። አባቱ በሕይወት ሳለ እሱ ከተማ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ የማያውቃቸውን ሙሽሮች «ቀና በሉ፣ ሳቅ በሉ» እያለ ያነሳ ነበር፤ አባቱን ግን ነገ፣ ነገ እያለ አንድ ቀን አላነሳውም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ፊት እንዳይደበዝዝ የሚያደርገውን ሙያ ፍለጋ የወጣውም ያ መታወቂያ ነጥቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ባለፈው በጋ ያፌት መጣ። ያፌት ቦሌ ተወልዶ ያደገ ፎቶ አንሺ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ተማሪ ሳለ በብስክሌት ከአያት ሰፈር ወዲያ እየወጣ ያነሳቸውን የድሮ ፎቶዎች ሰብስቦ «የመጨረሻው ማሳ» የሚል ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነው። ከሁሉ የሚወደውን ከፈተለት፤ አንድ ገበሬ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር በሬ በቀንዱ ይዞ እርሻ መሃል ቆሟል። ከዚህ አምስት ብቻ ይታተም አለው።

በሬው የነፈቃዱ ቤት በሬ፣ ቡሬ ነው። የያዘው ጀቤሳ ነው።

ፈቃዱ ወደ ማተሚያው ዞረ። እጁ የለመደውን ሠራ፤ ወረቀቱን አስገባ፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ሳይነካካ እንዳለ አወጣው። አባቱ ከማተሚያው አፍ ቀስ እያለ መጣ፤ መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ቀጥሎ ሳቁ። ጀቤሳ ቡሬ በወይፈንነቱ የሸረፈው የፊት ጥርስ ነበረው። ሰው እንዳያይበት የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ታች ስቦ በአንድ ጉንጩ ብቻ ነበር የሚስቀው። ያ ሳቅ እንዳለ ነበር። ፈቃዱ ረስቶት ኖሯል፤ ረስቶት እንደነበርም ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

ያፌት አጠገቡ ቆሞ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሳቁ ሙዱን ገደለው አለ። ማሳው ሊወሰድበት ጥቂት የቀረው ሰው ምን ያስቀዋል፣ ተመልካች አያምነውም፣ ፊቱን ጥላ ውስጥ እናስገባው፣ ያን ጉንጭ እናጥፋው አለ። ያን ጊዜ ነው ፈቃዱ አፉ የተፈታው።

«አባቴ ነው» አለ።

ያፌት መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ቀና ብሎ የፈቃዱን ፊት ሲያይ ቀልድ አለመሆኑ ገባው። አቀፈው፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ስንት ነገር ጠየቀው፤ ጀቤሳ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ መሬቱ እንዴት እንደተወሰደ፣ በሬው የት እንደደረሰ። ፈቃዱም ሁሉንም ነገረው። ያፌት ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ግን ሐሳቡን አልለወጠም፤ እንዲያውም ይህን ከሰማ በኋላ ሳቁ ጭራሽ አልዋጥልህ አለው። ፈቃዱ ከሥሩ ጀቤሳ የሚል ስም እንዲጻፍ ቢጠይቀው «ስሙን ከጻፍነው የአንድ ሰው ፎቶ ይሆናል፤ ያለ ስም ግን የገበሬ ሁሉ ነው» አለው። ፈቃዱ የገበሬ ሁሉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ማለት ግን በጊዜው አልመጣለትም።

በመጨረሻ ያን የመጀመሪያውን ሙከራ አንስቶ ይህን ለእናቴ ልውሰደው አለ። እንደ ለማኝ ነው ድምፁ የወጣው።

«ውሰደው ፈቄ፣ ማን ይከለክልሃል?» አለ ያፌት። «ግን ያን የምስክር ወረቀት እንዴት አድርገህ ነው የምትፈርመው?»

ተንኮል አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። መልስም ነበረው። «አንድ ሙከራ ለቤተሰብ ተሰጥቷል» ተብሎ በአንድ መስመር ቢጨመር ሰማይ አይናድም ነበር። ያፌትም እሺ ይል ነበር። ፈቃዱ ይህ ሳይታየው ቀርቶ አይደለም። የታየው ሌላ ነው፤ ሃያ ሁለት አርቲስቱ በሚሰበሰብበት ካፌ በረንዳ ላይ «ቀዳጁ ለራሱ ሲሆን አይቀድም አሉ» ሲባል ታየው። ያ የጭማቂ ቤቱ ሥዕል፣ ያ የጌታው ጣት ታየው። ሙከራውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሠራ። እጁ ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ ባይሆን ይሻል ነበር። የባርኔጣውን ጥላ አወረደ፣ ጉንጩን አጎደጎደ፣ ከንፈሩን አጠፋ፣ ግንባሩ ላይ ያልነበረ ሐዘን አወጣ። ኮቱም ፊቱም አንድ ጥቁር ሆኑ፤ የቡሬ ነጭ ነጩ ግን ከበፊቱ ይልቅ ፈክቶ ወጣ። ያፌት «አሁን አገኘኸው» አለ። አምስቱም ታተሙ። ፈቃዱም ሙከራዎቹን ሰብስቦ ቆመ። የሚስቀውን መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጠው። አንድ ጊዜ አየውና ቀደደው፤ ደርቦም ቀደደው። ፋይሉን አጠፋ። ፈረመ።

ያፌት በሩ ላይ ሲደርስ ተመለሰና ከአምስቱ አንድ ካልተሸጠ የእናትህ ነው፣ እናቴን ብሎ ማለለት። የራሱን ቅጂ በቤቱ እንደማያስቀር፣ የተነሳበትን ፊልምም ከነኮምፒውተር ቅጂው አንድ ፎቶ ሰብሳቢ እንደገዛው ቀደም ብሎ ነግሮት ስለነበር ፈቃዱ በዚያች ተስፋ ላይ ተንጠለጠለ። ያች ተስፋ ባትሳካም እናቱ በዓይኗ ታየዋለች፤ ጆሮና ኮሌታ ብቻ ከቀረበት መታወቂያ ይሻላል አለ ለራሱ።

ለእናቱ ግን የማን ፎቶ እንደሆነ አልነገራትም። ድንገት አይታው ስትደነግጥ ሊያይ ፈለገ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የአባቱ ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ የሥራውም ኩራት ነበረበት። «ሥራዬን አይተሽ አታውቂም፣ ነይ እይልኝ» አላት። እሷም ነጠላዋን አጠበች፣ ጫማ ተዋሰች፣ ታክሲ ውስጥ ሙሉ መንገዱን ቀጥ ብላ ተቀምጣ መጣች።

ኤግዚቢሽኑ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ነበር። ሰዉ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ያፌት በገዢዎች ተከቦ ነበር፤ ከሩቅ አያቸውና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ገበሬ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር አምስት ቀይ ነጥብ ተለጥፏል። ቀይ ነጥብ ማለት ተሸጧል ማለት ነው። ፈቃዱ ነጥቦቹን አየ፤ እንደማይሆን ልቡ ያውቅ ስለነበር አልገረመውም። እናቱን በትከሻዋ ያዘና ፎቶው ፊት አቆማት።

ቆይታ ቆይታ ፊቷ በራ።

«ቡሬ!» አለች።

ከዚያ በኦሮምኛ ወሬዋን ለቀቀችው። ቡሬ እንዴት ያለ በሬ እንደነበር፣ ጭቃ ላይ ሌላው ሲለግም እሱ እንዴት እንደሚጎትት፣ መሬቱ የተወሰደ ጊዜ ለልኳንዳ ቤት ሲሸጥ ጀቤሳ ሁለት ቀን እህል እንዳልቀመሰ። ፈቃዱ እህ እያለ ጠበቀ። ዓይኗ ከበሬው ወደ ሰውየው እስኪሄድ ጠበቀ። ሄደ፤ አልቆመም፤ ወደ በሬው ተመለሰ።

«ማነው ይኼ የያዘው ሰውዬ?» አለችው።

እስቲ ቀርበሽ ደህና አድርገሽ እይው አላት። ቀረበች። ዘበኛው በትሕትና «እማማ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ» አላት፤ ራቅ ብላ ዓይኗን አጥብባ አየች።

«አላውቀውም» አለች። «እንዲህ ያለ ኮስታራ ሰው እኛ ሰፈር አልነበረም። ጀቤሳ ደግሞ ቡሬን ለሰው አያስይዝም። መቼ ሰጥቶት ነው?»

በሞተ ባሏ ላይ ቅር አላት። ፈቃዱ አፉን ከፈተ። «እሱ ነው» ሊላት ነበር። እሱ ነው ካላት ታዲያ ሳቁስ የት ሄደ ትለዋለች። «የሚስቅ ሙከራም ነበር» ሊላት ነው። እሱንስ የት አደረስከው ትለዋለች። አፉን መልሶ ዘጋው። ዞር ሲል ያፌት ካሜራውን አንስቶ፣ ፎቶው ፊት የቆመችውን ባለነጠላ አሮጊት ከጀርባዋ ሲያነሳ አየው። ያንን ፎቶም አንድ ቀን ይዞለት እንደሚመጣ፣ እንደሚያትመውም፣ ሙከራውን እንደሚቀድደውም አወቀ።

ሊወጡ ሲሉ እናቱ በሩ ላይ ቆመችና አንድ ጊዜ ዞራ አየች። እጅጌውን ሳብ አድርጋ እንደምታፍር ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ አለችው።

«ይሄን ያተምከው አንተ ነህ አይደል? የአባትህስ አልሆነም፤ እሺ ይሁን። እንግዲያው ሰውየውን ቆርጠህ ጣልልኝና ቡሬን ብቻ አትምልኝ።»

«እሺ» አላት።